ስድስት ሰዓት ወደኋላ

ሥራ ካቆምሁ ወዲህ ቀትር ላይ ጋደም ስል ገመድ እከተላለሁ። ሰማያዊ ገመድ ነው፣ ትንሿን ጣቴን እንኳ የማያህል። እሠራበት ከነበረው ላብ ግድግዳ ሥር ይጀምርና በመስኮት ወጥቶ የቁስቋምን ቁልቁለት ይወርዳል። ከዛፎቹ ሥር ይገባል፣ ከተማውን ሳይነካ ያልፋል፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ የወገራ ገብስ መሃል ነኝ። ጭጋግ አለ። ገመዱን በሁለት ጣቴ ይዤ እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ። ጫፉ ላይ ማን እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ሳልደርስ እነቃለሁ። ልጄ ጋ እደውላለሁ።

«ደኅና ነኝ እማ፣ ምነው?» ትለኛለች።

«ምንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

ፈሪ ሰው ነኝ። ይኼን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ስለተነሳ ነው።

ባለፈው ወር የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ መለስሁ። ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ፍተሻውንም ከእንግዲህ ማሽን ራሱ ይሠራዋል አሉ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ የሚገባኝን ከፈሉኝ፣ ፈረምሁ። አለቃችን ሄለን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣኝ ስሜን ከዝርዝሩ ስትሰርዝ አሳየችኝ።

«እትዬ የሺ፣ ራስዎ ይሞክሩት» አለችኝ።

የይለፍ ቃሌን አንድ በአንድ ለቅሜ ጻፍሁ። እምቢ አለኝ።

«በደንብ ተዘግቷል» አልሁ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ላብ ስል፣ ላቦራቶሪ ማለቴ ነው፣ የደም መመርመሪያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንዷ ጎረቤቴማ ልጇን አዝላ መጥታ «እስቲ ወባ እንደሆነ እይልኝ» ብላኛለች። የእኛ ሌላ ነበር። ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ያሉ ሰዎች በስልክና በታብሌት የሚሠሩበትን ነገር፣ ሶፍትዌር የሚሉትን፣ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት የምንፈትንበት ክፍል ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት መስኮት ያለው። ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ። ጠዋት ጭጋጉ እስከ መስኮቱ ሲመጣ፣ አረንጓዴዎቹ መብራቶች በዚያ ነጭ ውስጥ ብልጭ ድርግም ሲሉ፣ በሕልም ውስጥ ያለ ቤት የምጠርግ ይመስለኝ ነበር።

መጥረግ ነበርና ሥራዬ። ትውልዴ ወገራ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ። ባሌ ሲሞት ብርቱካንን፣ ያለችኝን አንዲት ልጅ፣ ይዤ ጎንደር ገባሁ። መጀመሪያ አንድ ትምህርት ቤት ጠረግሁ፣ ቀጥዬ አንድ ሆቴል አንሶላ አጠብሁ፣ ከዚያ ቁስቋም ያለው ሕንፃ ተቀጠርሁ። የትም ስሠራ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ልጄ እስክትመለስ መንገዱን ማየት። ስትዘገይብኝ እጄ ላይ ያለውን መጥረጊያ እረሳዋለሁ።

ከመጥረጊያ ወደ ታብሌት ያሻገረኝ ጾም ነው። በመጀመሪያው ዓመት ላቡ ውስጥ በየቀኑ «ኮኔክሽን ጠፋ!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ይጠፋል፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል። አንድ ቀን በስድስት ሰዓት፣ ሌላ ቀን በዘጠኝ። ወጣቶቹ ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ሰርቨሩ ነው ይላል አንዱ፣ መስመሩ ነው ይላል ሌላው። በመጨረሻ «ሥርዓት የለውም፣ እንደመጣለት ነው» ብለው ጻፉ።

እኔ ወለሉን እየወለወልሁ «ሥርዓትማ አለው» አልሁ። በሆዴ ያልሁት መስሎኝ ነበር።

ጥግ ላይ ተቀምጦ የገመድ ጫፍ የሚጠግን ሸበቶ ሰው ቀና አለ። አያ ሙላት ነው። ድሮ የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆኖ በደንቢያ ሜዳ ምሰሶ ሲወጣ የኖረ፣ በኋለኛ ዕድሜው ወደ ኮምፒውተር ገመድ የዞረ ሰው።

«ምን አልሽ?»

«ረቡዕና ዓርብ ነው በዘጠኝ ሰዓት የሚጠፋው። በሌላው ቀን በስድስት ነው።»

«ምነው?»

«የጾም ቀን ነዋ! ሻይ የምታፈላው ሴት በጾም ቀን ምሳ የምታሞቀው በዘጠኝ ሰዓት ነው። በፍስክ ቀን በስድስት። ምድጃዋን የምትሰካው ደግሞ ከደረጃው ሥር ነው፣ ያ የእናንተ ሳጥን የተሰካበት ላይ።»

አያ ሙላት ተነሥቶ ወረደ። እኔም ተከተልሁት፣ ወጣቶቹም ተከተሉ። ምድጃውን ሰካ፤ የሳጥኑ መብራቶች እፍ እንደተባለ ሻማ ድርግም አሉ። ነቀለ፤ ትንሽ ቆይተው በሩ። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ «ደግሞ የእናንተን መብራት እኔ በላሁት በሉኛ! እኔ ያሞቅሁት ሽሮ ነው!» አለች። ከወጣቶቹ አንዱ «ጾመን ቢሆን ኖሮ እናገኘው ነበር» ሲል ሁሉም ሳቀ።

አያ ሙላት አልሳቀም። «እታለም፣ ማንበብ ትችያለሽ?» አለኝ።

«ፊደል እየለቀምሁ።»

«ሸጋ። ይኼን ነገር ከሚይዙት ሰዎች ብዙዎቹ እየለቀሙ የሚያነቡ ናቸው። እነዚህ ልጆች ደግሞ ሳያነቡ ነው የሚጫኑት። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

አጠገቡ ብዙ ዓመት ተቀመጥሁ። አመሉን ላውራ። ጠዋት ሲገባ ከሰው ቀጥሎ ማሽኑን ይሳለም ነበር፤ መዳፉን ሳጥኑ ላይ ያኖርና ሙቀቱን ይሰማል፣ ልጅ አተኩሶት እንደሁ እንደምታይ እናት። ገመድ ሲፈትሽ ዓይኑን ይጨፍናል። «ዓይን ይቸኩላል፣ ጣት አይቸኩልም» ይላል። ከተቀመጠው ሰው እግር ሥር ይጀምርና ሽቅብ ይወጣል፣ የመስኖ ውኃ የጠፋበት ገበሬ ቦዩን ወደ ምንጩ እንደሚከተል። ጣቱ የሆነ ቦታ ይቆማል። ወይ ወንበር የረገጠው ነው፣ ወይ አይጥ የቀመሰው፣ ወይ ከጫፉ ላይ ያለችው ትንሿ ምላስ ተሰብራ ገመዱ ገብቶም ያልገባ ነው። ያቺን ምላስ ስትገባ «ቀጭ» ስትል የሚሰማ ጆሮ ሰጠኝ። እስካሁንም በር ሲዘጋ ቀጭታውን አዳምጣለሁ።

«ተበላሸ» የሚል ቃል አይወድም። «ትናንት ይሠራ ነበር? ከዚያ ወዲህ ምን ተነካ? ሌላው ሰው ጋስ?» ብሎ ይጠይቃል። የማይሠራውን ታብሌት የሚሠራው ቦታ ይወስደዋል፤ የሚሠራውን ደግሞ የማይሠራው ቦታ ያመጣዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል። ሁለት የቀየረ ሰው ምን እንዳዳነው አያውቅም ይላል። ያየውን ሁሉ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ይጽፋል።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «መልእክት አልደርስ ካለ ሁለት ነገር ነው፣ መንገድ ነው ወይም በር ነው። መንገድ ከጠፋ ትጠሪያለሽ፣ ዝም ነው። በር ከተዘጋ ግን እምቢ የሚልሽ አለ። እምቢ ያለሽን አመስግኚው፤ መንገዱ እስከ እሱ ደኅና ነው ማለት ነው።»

ለእኔ የተሰጠኝ በሩን መፈተን ነበር፣ የማይገባው ሰው እንዳያይ የሚከለክለውን። በዝርዝሩ ላይ ነርስ የሚባል ስም አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ሐኪም አለ፤ እያንዳንዱ የሚያይበት ፈቃድ የየራሱ ነው። የእኔ ስም «እንግዳ» ነበር። ምንም ፈቃድ የሌለው ሰው። ቀኑን ሙሉ የማይገባኝን በር እየገፋሁ እምቢ ስባል እውላለሁ፤ እምቢ በተባልሁ ቁጥር ምልክት አደርጋለሁ። ለእምቢታ ደመወዝ የሚከፈለው እንደኔ ያለ ሰው አላየሁም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን፣ ዝናብ መስኮቱን ሲመታ፣ አንዱን ገፋሁና ተከፈተ። የሴቶች ስም ዝርዝር ነው፣ ከስማቸው አጠገብ ሕመማቸው። ዓይኔን ጨፈንሁና ተጣራሁ።

ሄለን እየሮጠች መጣች። «ምን አዩ፣ እትዬ የሺ?»

«እኔ አላየሁም። ማየት ግን ይቻላል።»

ያን ቀን ሄለን ትከሻዬን ስማኝ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ያ በር እስኪዘጋ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

አያ ሙላት አንድ ሌላ አመል ነበረው። ተፈትኖ ያለቀ ዕቃ ላይ ነጭ ክር ያስራል። ማሰሪያው ዋጋ የለውም፣ ሕፃን ይፈታዋል። «ከተፈተነ በኋላ አይነካም» ማለት ነው። የነካ ሰው ክሩን ይፈታል፣ ክሩን የፈታ እንደገና ይፈትናል። ሌላ ሕግ አልነበረውም።

በዚህ መሃል ብርቱካን አደገች። ጤና ኤክስቴንሽን ተማረችና ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ተመደበች። እኔ ሸሽቼው የወጣሁት ደጋ። ቦርሳዋን ስታዘጋጅ ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርሁት። መንገዱን ፈራሁ፣ ወንዙን ፈራሁ፣ ሰው ፈራሁ። «እማ፣ አንቺ እኮ በጸሐይም ትፈሪያለሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኔ የሚቆጠረው በስልኳ ነበር፤ የእሷ ቀበሌ ጎድጓዳ ነው፣ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው።

እናም ስድስት ታብሌቶች ለስድስት ጤና ኬላዎች ሊሄዱ ሆነ። አንዱ የእሷ። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር አንድ ቦታ ይጫናል፤ መልእክቱ ለአምቡላንስ ሾፌሩ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለሆስፒታሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። እነዚያን ታብሌቶች እንደ ልጅ አቀፍኋቸው። ከልጄ ጋር ሊሆኑ የሚሄዱ ናቸውና።

ስድስቱ ሠራተኞች ለሥልጠና ላቡ መጡ። ብርቱካን ሻይ ስንጠጣ በጆሮዬ «እማ፣ ይኼ ነገር ጠዋት ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ ይላል» አለችኝ። «ልምምዱ ላይ ሕፃን የተወለደበትን ሰዓት ስሞላ ሁሌ እሳሳታለሁ። አንድ ቀን መድኃኒት የምሰጥበትን ሰዓት እንዳልሳሳት እፈራለሁ።» ሌሎቹም እንደዚያው አሉ።

እፈራለሁ ያለችው ቃል ውስጤ ገባ። እሷ ፈርታ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ታብሌቶቹ ክራቸው ታስሮ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። አያ ሙላት የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ ለወንድሙ ተዝካር ቆላ ድባ ሄዷል። ሄለን ስብሰባ ላይ ናት። ክፍሉ ውስጥ እኔና ጉርምርምታው ብቻ ነበርን። ክሩን ፈታሁ። የልጄን ታብሌት ሰዓት በእጄ ወደ እኛ ሰዓት መለስሁት፣ ስድስት ሰዓት ወደኋላ። ለእሷ ብቻ ማድረግ አድልዎ መሰለኝና ስድስቱንም መለስሁ። መልእክት ልኬ አየሁ፤ ሄደ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ክሩን መልሼ አሰርሁት፣ እሱ እንደሚያስረው አድርጌ።

ብርቱካን ከደጋ ደወለች። «እማ፣ ሰዓቱ የእኛ ሆኗል! አንቺ ነሽ?»

«ዝም በይ» አልኋት። ሁለታችንም ሳቅን።

የማላውቀው ነገር ነበር። አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ የሚቆየው አንድ ሳምንት ነው። ሲታደስ በሩ የታብሌቱን ሰዓትና የራሱን ሰዓት ያመሳክራል። የማይገጥም ሰዓት ይዞ የመጣውን አያሳልፍም። ስለዚህ ለሳምንት ሁሉም ሠራ። በስምንተኛው ቀን ስድስቱም በር ላይ ቀሩ። ዝም ማለታቸውንም ማንም ልብ አላለው፤ በደጋው ኔትወርክ ለቀናት መጥፋቱ ብርቅ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ታንጉት የምትባል ሴት ምጥ ጠናባት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ብርቱካን ልጁ ተጋድሞ መምጣቱን በእጇ ባየች ጊዜ ታብሌቱን ይዛ ኮረብታው ላይ ሮጠች። ጫነች። በእንግሊዝኛ ቀይ መስመር ወጣ። እንደገና ጫነች። ቀይ መስመር። ኔትወርኩ መስሏት ከፍ ወዳለው ድንጋይ ወጣች። የሾፌሩን ስልክ ደወለች፣ አይገኝም አላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጫን ታብሌቱ ጨርሶ ተቆለፈ። ወርዳ ቃሬዛ አሠራች። ወንዶቹ ታንጉትን ተሸክመው መንገድ ድረስ ሁለት ሰዓት ወረዱ፣ ብርቱካን ከጎን እየሮጠች። መንገዱ ላይ የሚጠብቃቸው ማንም አልነበረም። እህል የጫነ መኪና ለምነው ሆስፒታል አደረሷት። ታንጉት ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ይኼን ሁሉ ኮረብታና ድንጋይ እኔ አላየሁም። ግን ዛሬም ያየሁት ያህል ነው። የቀዩን መስመር ቀለም ሳይቀር አውቀዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ብርቱካንን ታብሌቷን ይዛ እንድትመጣ ወደ ላቡ ጠሯት። አንድ ተቆጣጣሪ አብሮ መጥቷል። ወረቀት አገላበጠ።

«ያን ቀን ከዚህች ልጅ አንድም መልእክት አልደረሰም። ሪፖርትም የለም። ሴትዮዋ ስታምጥ የት ነበረች? ከሥራ እንድትታገድ ነው የምጽፈው።»

«ልኬ ነበር» አለች ብርቱካን። «እምቢ ይለኝ ነበር።»

ሄለን ታብሌቱን ከፍታ አየች። «ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው» አለች በቀስታ። «ለዚህ ነው ፈቃዱ ያልታደሰው። በእጅ ነው የተቀየረው። ማን ነው የቀየረው?»

መብራቶቹ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። መብራት አያጉረመርምም፣ እኔ ግን ሰማሁ። ብርቱካን አየችኝ። አንዴ ብቻ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሰዓቱ ስላደናገረኝ ቀየርሁት።»

ተቆጣጣሪው ጻፈ። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርሁ። አፌን ከፈትሁ መሰለኝ። ምንም አልወጣም።

ቁልቁለቱን አብረን ወረድን። «ምነው እንዲህ አደረግሽ?» አልኋት።

«እማ፣ አንቺ ሥራሽን ብታጪ በዚህ ዕድሜሽ ማን ይቀጥርሻል? እኔ ወጣት ነኝ።»

እኔም ተውኋት። ይኼን ነው ልጽፈው የፈራሁት። ሰዓት መቀየሬን ባለማወቅ ነው ብዬ ለቄሱ መናገር እችላለሁ። ያን ዝምታ ግን አውቄ ነው ዝም ያልሁት። ልጄ ስለ እኔ ስትወድቅ ቁልቁለቱን በእግሬ እየሄድሁ ነበር፣ ድንጋይ ላይ እንዳልሰናከል እያየሁ።

በማግስቱ ጠዋት አያ ሙላት ዕረፍቱን ጨርሶ ከቆላ ድባ ተመልሶ ነበር። ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። መዳፉን አኖረበት። ሄለን የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን ክር አንስቶ በጣቶቹ መሃል አዞረው።

«ሄለን፣ እኔ ጥፋተኛ አልፈልግም» አለ። «የመጨረሻውን እጅ ነው የምፈልገው። ልጅቷ ብቻ ከሆነች አንድ ታብሌት ነው። ሌላ እጅ ካለበት ግን አምስቱም ሰዓታቸው እንደተዛባ ደጋ ላይ ናቸው፣ ዛሬም የምታምጥ ሴት አለች።»

እኔን አላየኝም። ባየኝ ኖሮ የምዋሽ ይመስለኛል።

አምስት ኮረብታ ታየኝ። አምስት ልጃገረድ ድንጋይ ላይ ወጥታ ስትጫን፣ አምስት ቀይ መስመር። የእኔ ልጅ አንዷ ብቻ ናት ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለካ ሌሎቹም እናት አላቸው።

«እጁ የእኔ ነው» አልሁ። «ስድስቱንም። እሷ አልነካችም፣ ትናንት ስለ እኔ ነው የዋሸችው።»

ሄለን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብዙ ነገር ልትለኝ ትችል ነበር። «እትዬ የሺ፣ ትናንት እኮ እዚህ ተቀምጠው ነበር» ብቻ አለች። ከዚህ የበለጠ አልመታችኝም።

አያ ሙላት ተነሣ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ። «መኪና ጥሪ» አላት። ለእኔ ደግሞ «ተነሽ። በእጅሽ የገባውን በእጅሽ አውጪው» አለኝ። አላጽናናኝም። ስላላጽናናኝ እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ያን ቀንና ማግስቱን በጭጋግ ውስጥ ሄድን። መኪናው በሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ጤና ኬላዎቹ ከነጩ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ ቆርቆሯቸው እርጥብ። በየኬላው ላለችው ልጅ የሆነውን በራሴ አፍ እናገራለሁ፣ ሰዓቱን ወደ ቦታው እመልሳለሁ፣ ኮረብታ እንወጣለን። ከዚያ የታሰሩት መልእክቶች አንድ በአንድ ይሄዳሉ። የክትባት ነው፣ የክብደት ነው፣ አብዛኛው ተራ ነገር ነው። አራተኛው ኬላ ላይ አንድ ምጥ ነበረበት። ቀና ብዬ ልጅቷን አየኋት።

«እሷ ወልዳለች» አለችኝ ልጅቷ ቶሎ ብላ። «በሰላም ወልዳለች፣ እማማ። ይቀመጡ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አያ ሙላት ካላንደሩ ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር።

ሄለን በኋላ ነገሩን አስተካከለችው። ታብሌቱ ለሚያየው ሰው የእኛን ሰዓት ያሳያል፣ በሆዱ ግን የራሱን ሰዓት ይይዛል፤ በእጅም አይቀየርም። «እርስዎ ያደረጉት ስሕተት ነው፣ የፈለጉት ነገር ግን ልክ ነበር። እኛ ነበርን ቀድመን ማሰብ የነበረብን» አለችኝ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ከደመወዜ ተቆረጠ፣ ለግማሽ ዓመት ወደ መጥረጊያዬ ተመለስሁ። ልክ ነበር። መልእክቱ ቢደርስ ኖሮ ልጁ ይተርፍ እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቅሁት። «አላውቅም» አለኝ። ውሸት ቢነግረኝ ይሻል እንደነበር ወይም እንዳልነበር እኔም አላውቅም።

ብርቱካንን መልሱ የሚል ደብዳቤ ወጣ። እሷ ግን ቦርሳዋን አላነሳችም።

«በምን ፊት ነው የምመለስ?» አለችኝ። «ታንጉትን ምን ልበላት? ቀበሌው ሁሉ ትታን ሄደች፣ መኪና አልጠራችም ነው የሚለው።»

«አንቺ አትናገሪም። እኔ ነኝ የምናገር» አልኋት። ቦርሳዋን አንስቼ ሰጠኋት።

አብረን ሄድን። ታንጉት ከቤቷ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገና ልጅ ናት፣ ከብርቱካን ታንሳለች። የሞላ ጡቷን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፤ ያን ሳይ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ባሏ አጥር ያጥር ነበር።

ቆሜ ተናገርሁ። አላሳጠርሁም፣ አላስረዘምሁም። መልእክቱን ልጄ እንደላከች፣ በር ላይ ያስቀረው የእኔ እጅ እንደሆነ። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ማለቴንም። ባሏ የያዘውን እንጨት ጣለና ወደ ከብቶቹ ሄደ፤ ጀርባውን እስክናጣው አየነው።

«ሰዓቱን ምነው ቀየርሽው?» አለችኝ ታንጉት።

«ልጄ እንዳትሳሳት ብዬ።»

ጭጋጉ ከገደሉ እየወጣ ደጃፉን ሞላው፣ ተመልሶም ሄደ።

«ያን ቀን ቃሬዛው ላይ እጄን አለቀቀችም» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ብርቱካን እያየች። «ቁልቁለቱን ሁሉ እየሮጠች። ወድቃ ስትነሳ እንኳ እጄ በእጇ ነበር። እሷን ከወሰዳችሁብን ማን ይመጣልናል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺን ይቅር እንዳልሁሽ እንጃ። ገና አላውቀውም። እሷን ግን መልሺልን።»

ብርቱካን እንባዋን በክንዷ ጠረገች። አጠገቧ ተንበረከከችና ቦርሳዋን ከፈተች። የደም ግፊት መለኪያውን አወጣች። ታንጉት ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ ክንዷን ዘረጋችላት።